ሕመም ዝም ባለ ጊዜ ስለ መመርመር

የአገራችን ሰው ስለ ራስ ምታቱ፣ ስለ ጥርሱና ስለ ጉልበቱ ሕመም በሰው ፊት ያለ እፍረት ይናገራል፤ ስለ አንጀቱ ሕመም ግን እንኳን ለባልንጀራው ለሚስቱም መንገር ይከብደዋል። ይህ ጨዋነት ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ጠባይ ስለ ሆነ በማዕድ ላይና በእንግዳ ፊት ሊጠበቅ ይገባዋል። ነገር ግን ይኸው ጨዋነት እስከ ሐኪም ደጅ ድረስ ተከትሎን የሄደ እንደ ሆነ ጨዋነት መሆኑ ይቀርና የሕመም ረዳት ይሆናል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለውም ስለዚህ ነው። እኔም ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ትልቁ አንጀትና ስለ ምርመራው ጥቂት ለመጻፍ ስነሣ ነገሩ ለጆሮ የማይጥም መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ክቡራንና ክቡራት አንባቢዎች ጥቅሙን ተመልክታችሁ በትዕግሥት እንድታነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። ከ27 ዓመት ዕድሜዬ ጀምሮ እነሆ 18 ዓመት ሙሉ አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ከሚባል የትልቁ አንጀት ሕመም ጋር እኖራለሁ። በእነዚህ ዓመታት ያገኘሁት ትምህርት በአጭር ቃል ቢነገር ይህ ነው፤ የሕመም ዝም ማለት የጤና ምስክር አይሆንም። እንደዚህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ሊመረመር የሚገባው ባመመው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ደኅና ነኝ በሚልበት ወራት ነው። ሕመም የሌለበትም ሰው ቢሆን ዕድሜው ወደ አምሳ ሲጠጋ ይኸው ምክር ይመለከተዋል።

አስቀድሞ ስለ አንጀት ሥራ ጥቂት ልናገር። የበላነው እህል ከጨጓራ ወጥቶ 6 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው በቀጭኑ አንጀት ያልፋል፤ ለሰውነት የሚጠቅመውም አብዛኛው ምግብ በዚያ ይወሰዳል። የቀረው ወደ ትልቁ አንጀት፣ ማለት ወደ ደንዳኔው፣ ይገባል። የደንዳኔው ርዝመት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን ሥራው ውሃውን መጥጦ ለሰውነት መመለስና የተረፈውን ወደ ውጭ መስደድ ነው።

በአልሰረቲቭ ኮላይቲስ የታመመ ሰው የደንዳኔው የውስጥ ሽፋን ይቈስላል፤ ያብጣል፤ ይደማል። ቍስሉ ከመቀመጫው አጠገብ ይጀምርና ሳይቋረጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ በአንዱ ሰው በታችኛው ክፍል ተወስኖ ይቀራል፤ በሌላው ግን ደንዳኔውን በሙሉ ይይዛል። ክሮንስ የሚባለው ሌላው ወገኑ ደግሞ ከአፍ እስከ መቀመጫ ድረስ በየትኛውም ስፍራ ሊወጣ ይችላል፤ እየዘለለ ይይዛል፤ የአንጀቱንም ግድግዳ ዘልቆ ይጐዳል። ሁለቱም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም፤ ከእርግማን ወይም ከሰው ዓይን የመጡም አይደሉም። ሰውነትን ከጠላት እንዲጠብቅ የተሠራው ኀይል ተሳስቶ በገዛ አንጀቱ ላይ ሲነሣ የሚመጡ ናቸው፤ ለዚህም በዘር የሚወረስ ዝንባሌና በአንጀት ውስጥ የሚኖሩት ረቂቃን ተሐዋስያን ድርሻ እንዳላቸው ሊቃውንቱ ይናገራሉ።

በአገራችን ይህ ሕመም በሌላ ስም ተሸፍኖ ብዙ ጊዜ ይቈያል። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የያዘው ሰው ሁሉ «አሜባ ነው» ይባላል። በእውነትም ከአሜባና ከሌሎች ተሐዋስያን የሚመጣ ተቅማጥ በአገራችን ብዙ ስለ ሆነ ሐኪም አስቀድሞ እርሱን መጠርጠሩ ተገቢ ነው። የአንጀት ቲቢም ክሮንስን እጅግ ስለሚመስል ሁለቱን ለመለየት ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነገር ግን የአሜባ መድኃኒት በደንቡ ተወስዶ ደሙ ካልቆመ ሌላ ምክንያት መፈለግ ግድ ነው። የእኔም ሕመም በእውነተኛ ስሙ እስኪጠራ ድረስ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አልፎ ነበር፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ ሰውነቴ ከስቶ፣ ልብሴ ሰፍቶኝ፣ ከወንበር ለመነሣት ጠረጴዛ መደገፍ አስፈልጎኝ ነበር። ጥቂት ደም ብቻ የሚያይ ሰው ደግሞ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ወደ ባለ መድኃኒት ይሄዳል ወይም ዝም ብሎ ይቀመጣል። ኪንታሮት ደም ማምጣቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ደሙ ከኪንታሮት መምጣቱ የሚታወቀው ውስጡ ከታየ በኋላ ነው እንጂ በግምት አይደለም።

ሕመሙ ከታወቀ በኋላ መድኃኒት አለው። ለንደን የነበረው ሐኪም ሳሙኤል ዊልክስ በ1859 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ይህን ሕመም ከሌላው የደም ተቅማጥ ለይቶ ስም ከሰጠው ወዲህ ብዙ ዘመን ለሐኪሞች ጭንቅ ሆኖ ኖሯል። በ1942 ናና ስቫርትስ የተባለች ስዊድናዊት ሐኪም ዛሬ ሰልፋሳላዚን የሚባለውን መድኃኒት በጽሑፍ አስታወቀች። በ1955 ትሩላቭና ዊትስ የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሐኪሞች ኮርቲዞን በብርቱ ለታመሙ ሰዎች እንደሚረዳ በጥናት አሳዩ። ከ1998 ጀምሮም ኢንፍሊክሲማብን የመሰሉ በመርፌ የሚሰጡ አዲስ ዓይነት መድኃኒቶች በሥራ ላይ ዋሉ። ዛሬ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚወስድ ሕሙም ሥራውን ሊሠራ፣ ልጆቹን ሊያሳድግ፣ ረጅም ዕድሜ ሊኖር ይችላል።

ነገር ግን የዚህ ሕመም ጠባዩ መመላለስ ነው። ለወራት ወይም ለዓመታት ይተኛና ያገረሻል፤ ካገረሸ በኋላም ደግሞ ይተኛል። ሰውም በተኛ ጊዜ ይረሳዋል። ፈተናው ያለው በዚህ ላይ ነው። ቍስለቱ ብዙ ዓመት ሲመላለስበት የኖረ የደንዳኔ ሽፋን ሕዋሶቹ በየጊዜው እየፈረሱ እንደ ገና ሲሠሩ ስለሚኖሩ፣ ከዘመን ብዛት አንዳንዶቹ አሠራራቸውን ይስታሉ። ይህንም የሕዋስ መለወጥ ሐኪሞች ዲስፕሌዥያ ይሉታል። ይህ ለውጥ ገና ነቀርሳ አይደለም፤ ሳይታይ የቀረ እንደ ሆነ ግን ነቀርሳ ወይም ካንሰር ወደሚባለው ሊደርስ ይችላል። በዚህም ደረጃ ሳለ አያምም፤ ሰውዬው ይበላል፣ ይሠራል፣ ደኅና ያድራል።

ይህ ነገር የታወቀው ዛሬ አይደለም። ስሙ በክሮንስ ሕመም የሚጠራው አሜሪካዊው ሐኪም በሪል ክሮን፣ ሮዘንበርግ ከተባለ ባልደረባው ጋር፣ በ1925 በአልሰረቲቭ ኮላይቲስ ላይ ተጨምሮ የመጣ ነቀርሳ ማየቱን ጽፏል። ከዚያ በኋላ ሊቃውንት ብዙ ጥናት አደረጉ። በ2001 የወጣ አንድ የብዙ ጥናቶች ድምር እንዳሳየው፣ አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ካለባቸው ሰዎች መካከል በደንዳኔ ነቀርሳ የሚያዙት በ10 ዓመት ውስጥ ከመቶ 2፣ በ20 ዓመት ውስጥ ከመቶ 8፣ በ30 ዓመት ውስጥ ከመቶ 18 ያህል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ቍጥሩን ዝቅ አድርገውታል፤ ለዚህም የመድኃኒት መሻሻልና በቀጠሮ መመርመር ረድተዋል ይባላል። እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፤ ቍጥሩን የጻፍሁት ለማስፈራራት አይደለም። አብዛኛው ሕሙም በዚህ ነቀርሳ አይያዝም። ነገር ግን አደጋው ከዓመት ወደ ዓመት እያደገ የሚሄድ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይልቁንም ሕመሙ ደንዳኔውን በሙሉ የያዘበት፣ ቍስለቱ ብርቱ የሆነበት፣ ከወላጆቹ ወይም ከእኅት ወንድሞቹ አንዱ በዚህ ነቀርሳ የታመመበት፣ ወይም የሐሞት ቧንቧ መጥበብ አብሮ ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባል። ሕመሙ ከመቀመጫው አጠገብ ብቻ ተወስኖ የቀረለት ሰው ግን አደጋው ከጤነኛ ሰው ብዙም አይለይም።

መመርመሪያው መሣሪያ ኮሎኖስኮፕ ይባላል፤ ምርመራውም ኮሎኖስኮፒ። ቀድሞ ሐኪሞች የነበራቸው የማይታጠፍ ቀጥ ያለ ቱቦ ስለ ነበረ ከደንዳኔው የሚያዩት የታችኛውን ጥቂት ክፍል ብቻ ነበር። ኋላ የሚታጠፍና ብርሃን ያለው ረጅም ቱቦ ተሠራና ደንዳኔውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት ተቻለ። በ1969 ደግሞ ዊልያም ዎልፍና ሂሮሚ ሺንያ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በኒውዮርክ ከተማ በዚሁ ቱቦ ውስጥ የሽቦ ቀለበት አሳልፈው፣ ፖሊፕ የምትባለውን በአንጀት ውስጥ የምትበቅል እጢ፣ ሆድ ሳይቀደድ ቈርጠው አወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምርመራውና ሕክምናው በአንድ ጊዜ የሚደረግ ሆነ። ሌላው ምርመራ ብዙ ጊዜ ነቀርሳ መኖሩን ይነግራል፤ ይህ ግን ነቀርሳ ሳይሆን አስቀድሞ ያወጣዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረታችን የተተረተው ለዚህ ይመስላል።

ሐኪሞች የደነገጉት ቀጠሮ እንዲህ ነው። አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ወይም የደንዳኔ ክሮንስ ያለበት ሰው ሕመሙ ከጀመረው ከ8 ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ምርመራ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ እንደ አደጋው መጠን በየዓመቱ ወይም በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ይመለሳል፤ አደጋው አነስተኛ የሆነለት እስከ 5 ዓመት ሊቈይ ይችላል። የሐሞት ቧንቧ መጥበብ ያለበት ግን ይህ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በየዓመቱ ይመረመራል። ምርመራውም ቢቻል ሕመሙ በተኛበት ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ የቈሰለና ያበጠ ሽፋን ናሙናውን የሚመረምረውን ሊቅ ያደናግረዋልና። እንግዲህ ዝም ያለው ወራት ቀጠሮ የሚሠረዝበት ሳይሆን ቀጠሮ የሚከበርበት ጊዜ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል። እኔ በፍርድ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ፣ እውነት ከእርሱ ጋር ሳለች በቀጠሮው ቀን ባለመቅረቡ ብቻ የተረታ ባለጉዳይ ብዙ አይቻለሁ። ሕመምም እንዲሁ ነው፤ ባላጋራው ባልቀረበበት ቀን ያስፈርዳል።

ስለ ምርመራው አኳኋን ብዙ የሚያስፈራ ወሬ ስለሚነገር ያየሁትን በግልጽ ልጻፍ። ከምርመራው ጥቂት ቀን አስቀድሞ ጥራጥሬ፣ ጎመን፣ ተልባ፣ ሰሊጥና እነዚህን የመሰለ ቃጫና ፍሬ ያለው ምግብ ይተዋል። በዋዜማው ቀን ምግብ አይበላም፤ ውሃ፣ ወተት የሌለበት ሻይ፣ ተጠልሎ የጠራ መረቅ ብቻ ይጠጣል፤ ቀይ መጠጥ ደም መስሎ ስለሚያሳስት አይፈቀድም። ከዚያም አንጀትን የሚያጥብ መድኃኒት በብዙ ውሃ ተበጥብጦ ግማሹ በማታ ግማሹ በማለዳ ይጠጣል። ከምርመራው ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ጣዕሙ አይወደድም፤ ሌሊቱም በመመላለስ ያልፋል። ነገር ግን አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ እንደ ነበረ እናስታውስ። ኮሶ የጠጣ ሰው ከቤቱ አይወጣም ነበር፤ መኳንንቱም ሎሌውም ያን ቀን ያለ እፍረት «ኮሶ ጠጥቻለሁ» ብሎ ያስነግር ነበር። ለትል ብለን በየሁለት ወሩ የታገሥነውን ለነቀርሳ በየሁለት ዓመቱ መታገሥ ሊያቅተን አይገባም። አንድ ቀንም በውሃና በሻይ መዋል ጾም ለለመደ ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም።

በምርመራው ቀን ነርሷ በክንድ መርፌ አድርጋ የሚያስተኛ መድኃኒት ትሰጣለች። ሕሙሙ በግራ ጎኑ ይተኛል፤ የሚገለጠውም ለሥራው የሚያስፈልገው ስፍራ ብቻ ነው፤ ሌላው በአንሶላ ይሸፈናል። ሥራው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ብዙ ሰው ሲጀመርና ሲጨረስ አያውቅም። ሐኪሙ ደንዳኔውን በብርሃን እያየ አንዳንድ ጊዜም ቀለም እየረጨ የተለወጠ ስፍራ ይፈልጋል፤ ከየስፍራውም ጥቂት ናሙና ይወስዳል፤ ይህም አይሰማም። ከዚያ በኋላ በመድኃኒቱ ምክንያት ያን ቀን መኪና መንዳትና ፊርማ መፈረም አይገባም፤ ስለዚህ ከቤተ ሰብ አንድ ሰው አብሮ ይሄዳል። ያለ አንዳች አደጋ ነው ብዬ አላታልልም፤ አልፎ አልፎ መድማት ወይም የአንጀት መበሳት ይደርሳል። መበሳቱ ግን ከ1000 ሰው በአንዱ እንኳ አይሞላም፤ ከሚያድነው ጋር ሲመዛዘን ሚዛኑ ወዴት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር፤ የብረት እንክብል የሚወስድም እንዲሁ።

እኔ በዚህ ቀጠሮ እስከ ዛሬ 7 ጊዜ ተመርምሬአለሁ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ምንም አልተገኘም። በሦስተኛው፣ ሕመሙ ከጀመረኝ በ14ኛው ዓመት፣ ከሁለት ዓመት በላይ ደም ሳላይ፣ መልካም እየበላሁና ክብደቴም ተመልሶ ሳለ፣ ሐኪሙ ከሽፋኑ ጥቂት ከፍ ያለች፣ የምስር ፍሬ የምታህል ስፍራ አገኘና በዚያው ሰዓት አነሣት። ናሙናው ተመርምሮ እስኪመለስ 9 ቀን ቈየሁ። በእነዚያ ቀናት ባለቤቴ ሳትጠይቀኝ ሁልጊዜ በበሩ ላይ ትቈም ነበር፤ እኔም በመዝገብ ላይ የጻፍሁትን ስም ሁለት ሦስት ጊዜ እየደገምሁ አነብ ነበር። ቃሉ ሲመጣ የሕዋስ መለወጥ የተጀመረባት፣ ነገር ግን ወደ ነቀርሳ ያልደረሰች፣ ተጠርጋም የወጣች መሆኗ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ በስድስት ወር አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በየዓመቱ ታይቼ ሌላ አልተገኘብኝም። ያችን ስፍራ ሕመም አልነገረኝም፤ ደም አልነገረኝም፤ ያገኛት የሐኪሙ ዓይን ብቻ ነው። ፍርሃቱ ግን ከመልመድ ብዛት አልቀረም፤ በየቀጠሮው ዋዜማ እንደ መጀመሪያው ቀን ይመጣል። ፍርሃት እስኪለቅ ድረስ እጠብቃለሁ የሚል ሰው ቢኖር፣ ፍርሃቱን ይዞ ይሂድ ብዬ እመክረዋለሁ።

እንደ እኔ ያለ ሕመም የነበረበት አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። ብዙ ዓመት ሕመሙ ተኝቶለት ስለ ነበረ «የተኛ አውሬ ለምን እቀሰቅሳለሁ?» ይል ነበር። ሰውዬው ብልህ፣ ለሥራውም ታማኝ ነበር። በ43 ዓመቱ ነቀርሳው ወደ ጉበቱ አልፎ ተገኘና በዓመቱ ቀበርነው። ምርመራ አውሬ አይቀሰቅስም፤ አውሬው መንቃቱን ወይም መተኛቱን ይነግራል እንጂ።

ምርመራው ሕሙማንን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ክፍል እንደ ገለጸው በ2022 በዓለም ላይ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በደንዳኔና በመቀመጫ ነቀርሳ ተይዘዋል፤ ከ900 ሺህ በላይ የሚሆኑትም ሞተዋል። በአገራችንም ይህ ነቀርሳ በወንዶች ላይ ከሚበዙት አንዱ ነው። በጤነኛ ሰው ፖሊፕ ወደ ነቀርሳ እስክትለወጥ ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ያህል ስለሚፈጅ፣ በመካከሉ የማግኘት ዕድል ሰፊ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ከ2021 ጀምሮ ጤነኛ ሰው ከ45 ዓመቱ አንሥቶ እንዲመረመር ተመክሯል፤ በብዙ የአውሮጳ አገሮች ደግሞ ከ50 ዓመት ጀምሮ ነው። ጤነኛው በዓይነ ምድር ውስጥ የተሰወረ ደም በሚፈልግ ቀላል ምርመራ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ሊታይ ይችላል፤ ኮሎኖስኮፒ ካደረገና ምንም ካልተገኘበት ደግሞ 10 ዓመት ይቈያል። የአንጀት ቍስለት ላለበት ሰው ግን የዓይነ ምድር ምርመራው አይበቃውም፤ ቍስለቱ ራሱ ደም ስለሚያመጣ ያሳስታልና።

አንድ አጎት አሉኝ፤ ዕድሜያቸው 63 ነው። አልፎ አልፎ ደም እንደሚያዩ ሰምቼ እንዲመረመሩ ለመንኋቸው። «ልጄ፤ ይህ የቈየ ኪንታሮት ነው። በዚህ ዕድሜዬ በልጅ ሐኪም ፊት ልብሴን ገልጬ ልተኛ?» አሉኝ። እኔም፦ «ጋሼ፤ ሐኪሙ የሚያየው ሕመምዎን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም። ሁላችንም በመጨረሻው ቀን ልብሳችንን ሌላ ሰው ገልጦ ያጥበናል፤ ዛሬ በፈቃድዎ ቢገለጡ አይሻልም?» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና ሳቁ፤ «ጸሐፊ ስለ ሆንህ ነገር ታውቃለህ» አሉኝ። በሳምንቱ ሄዱ። ሁለት ፖሊፖች ተገኙባቸው፤ አንዷ ትልቅ ነበረች፤ ሁለቱም በዚያው ቀን ወጡ። ኪንታሮትም ነበረባቸው፤ ግምታቸው ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ኪንታሮቱ ለሌላው መደበቂያ ሆኖለት ነበር።

አንዳንድ ሰው የሃይማኖትን ነገር ያነሣል። ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጾም በሚናገረው በ15ኛው አንቀጽ ለሕሙም ያቀልለታል። በጾም ወራት ምግቡንና መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያደርግ የሚጨነቅ ሕሙም የነፍስ አባቱንና ሐኪሙን አማክሮ ይሥራ፤ መድኃኒቱን ግን በገዛ እጁ አያቋርጥ። ወደ ጸበል የሚሄድም ቀጠሮውን ይዞ ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሴቶች ወይዛዝርት እፍረቱ ከእኛ ይልቅ እንደሚከብዳቸው አውቃለሁ። 12 ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት በወንጌል የምትነሣው በቤቷ ስለ ተሸሸገች ሳይሆን በሕዝብ መካከል አልፋ የልብሱን ጫፍ ስለ ዳሰሰች መሆኑን ያስቡ። ሴት ሐኪም ወይም ሴት ነርስ እንድትኖር መጠየቅም የሚያሳፍር አይደለም።

ለማጠቃለል በየቤቱ ሊታሰቡ የሚገባቸውን እንደሚከተለው እዘረዝራለሁ።

1ኛ፤ በዓይነ ምድር ደም ያየ፣ የሆዱ ጠባይ ለሳምንታት የተለወጠበት፣ ያለ ምክንያት የከሳ ወይም ደሙ ያነሰ ሰው ዕድሜው ምንም ቢሆን ሐኪም ይይ።

2ኛ፤ የአንጀት ቍስለት ያለበት ሰው ሕመሙ የጀመረበትን ዓመት በጽሑፍ ይያዝ፤ 8 ዓመት ሲሞላው ሐኪሙ ባያነሣለት ራሱ ያንሣ።

3ኛ፤ ከወላጅ ወይም ከእኅት ወንድም አንዱ በዚህ ነቀርሳ የታመመበት ሰው በ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው ይመርመር። ለዚህም በቤተ ሰብ መካከል ማን በምን እንደ ሞተ ለልጆች ይነገር፤ «ሆዱን ታሞ ሞተ» ማለት አይበቃም።

4ኛ፤ የናሙናው ውጤት የተጻፈበት ወረቀት እንደ ርስት ደብዳቤ ተጠብቆ ይቀመጥ፤ የሚቀጥለው ሐኪም ያለፈውን ሳያይ መወሰን ይቸግረዋልና።

ኮሎኖስኮፒ በአገራችን በሁሉም ስፍራ አይገኝም፤ በአዲስ አበባ በታላላቅ የመንግሥትና የግል ሐኪም ቤቶች ይገኛል፤ በክፍላተ ሀገር ግን ጥቂት ነው፤ ዋጋውም ለብዙ ሰው ይከብዳል። በየመሥሪያ ቤቱ አለቃ የሆናችሁ ክቡራን ሆይ፤ ከበታቻችሁ ያለ ሠራተኛ ለዚህ ምርመራ የሁለት ቀን ፈቃድ ቢለምናችሁ፣ ምክንያቱን በሰው ፊት ሳትጠይቁ ፍቀዱለት። የቤተ ሰብ ታላላቆችም ከሆናችሁ ለተዝካርና ለድግስ ከምታወጡት ጥቂቱን ለአንድ ችግረኛ ዘመድ ምርመራ አውሉለት። ከሁሉ በፊት ግን እናንተ ራሳችሁ ተመርመሩ፤ ታላቅ ሰው ያደረገውን ታናሹ ሊያደርገው አያፍርምና። ሕመማችን ዝም ባለበት ወራት ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ልብ እንዲሰጠን እግዚአብሔር ይርዳን።